በእጅ የሚሠራው ካፓሲተርና የመመሪያዎቹ ጉድለት

ለወጣቶች በተዘጋጁ የሬዲዮ ሥራ መመሪያዎች ውስጥ እምብዛም የማይታጣ አንድ አጭር አንቀጽ አለ። ይኸውም ካፓሲተርን፣ በቀድሞው አጠራር ኮንደንሰርን፣ በቤት ውስጥ ከሚገኙ ነገሮች ስለ መሥራት የሚናገረው ነው። ሁለት ቁራጭ ፎይል ይቀርባል፤ በመካከላቸው ወረቀት ይገባል፤ ሁለት ሽቦ ይያያዛል፤ ተጠቅልሎ በሰም ይነከራል፤ በክር ይታሠራል። ከዚያ በኋላ ካፓሲተሩ እንደ ተሠራ ተቆጥሮ መመሪያው ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። የፎይሉ ስፋት አንዳንድ ጊዜ ይጠቀሳል። የወረቀቱ ውፍረት ግን ብዙውን ጊዜ አይነሣም፤ የተሠራው ዕቃ የኤሌክትሪክ ሙል የመያዝ ዐቅሙ፣ ማለትም ካፓሲታንሱ፣ ስንት ፒኮፋራድ እንደሚደርስና ለየትኛው ተግባር እንደሚበቃም አይነገርም። ወጥ የሚሠራ ሰው ጨው መብዛቱን በምላሱ ይለያል፤ ካፓሲተር የሚሠራ ተማሪ ግን የሥራውን ጉድለት የሚቀምስበት ምላስ የለውም።

ጉዳዩ ጥቃቅን መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ የክሪስታል ሬዲዮ ከአንቴናውና ከምድር ሽቦው ሌላ ያሉት ክፍሎች ጥቅል ሽቦው፣ ዳዮዱ፣ ማዳመጫውና ካፓሲተሩ ብቻ ናቸው። ተማሪው የጥቅል ሽቦውን ዙር ሊቆጥር ይችላል፤ የአንቴናውን መበጠስ በዐይኑ ያያል። ካፓሲተሩ ግን ተጠቅልሎና በሰም ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ ውስጡ አይታይም። ሬዲዮው ዝም ባለ ጊዜ ጥፋቱ ከየት እንደ መጣ የሚያመለክተው ነገር ስለሌለ ተማሪው ጥፋቱን ወደ ራሱ ይወስዳል። መምህሩም የሚለው ያጣል። በሳይንስ ክበብ ውስጥ ለሳምንታት የተደከመበት ሥራ እንዲህ ሲያበቃ ልጁ የሚያገኘው ትምህርት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሬዲዮ በፋብሪካ እንጂ በእጅ የማይሠራ ዕቃ መሆኑን ማመን ነው። መመሪያዎቹ ሊያስወግዱት የተነሡትም ይህንኑ እምነት ነበር።

እንደሚታወቀው ካፓሲተር ገና ከጅምሩ የቤት ዕቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1745 እና በ1746 ጀርመናዊው ኤዋልድ ፎን ክላይስትና በላይደን ከተማ ያስተምር የነበረው ፒተር ፋን ሙሸንብሩክ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ ውሃ የተሞላ የመስታወት ዕቃ የኤሌክትሪክ ሙል ሊያጠራቅም እንደሚችል ደረሱበት። የላይደን ማሰሮ የሚባለው ይህ ነው። ስሙም ለረጅም ጊዜ ኖሯል፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እስከ 1937 ድረስ ካፓሲታንስን ይለካ የነበረው «ጃር»፣ ማለትም «ማሰሮ» በሚል መስፈርት ነበር። አንዱ ጃር በዛሬው አነጋገር 1,100 ፒኮፋራድ ያህል ነው። አሜሪካዊው አልፍሬድ ሞርጋን በ1913 ያሳተመው «ዘ ቦይ ኤሌክትሪሺያን» የተሰኘው መጽሐፍ ከላይደን ማሰሮ አንሥቶ ከፎይልና ከወረቀት እስከሚሠራው ካፓሲተር ድረስ ያለውን ሁሉ በልጅ እጅ እንዲገባ አድርጎ አቀረበ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ዩኔስኮ ትምህርት ቤቶቻቸው ለወደሙባቸው አገሮች መምህራን በ1948 ያወጣው አነስተኛ መጽሐፍ በ1956 ወደ ሰፊ የሳይንስ ማስተማሪያ ምንጭ መጽሐፍነት አደገ፤ በ1973ም ታድሶ እንደገና ታተመ። መሠረታዊ ሐሳቡ፣ መሣሪያ ስለጠፋ ሙከራ አይቅር፣ በአካባቢው ከሚገኘው ነገር ይሠራ የሚል ነው።

ይህ ሐሳብ ትክክል ነው፤ እዚህ የሚቀርበው ሒስም እርሱን የሚነካ አይደለም። የሚነካው ሐሳቡ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ፣ ከአገር ወደ አገር ሲገለበጥ በአካባቢው የሚገኘው ነገር መለዋወጡ መዘንጋቱን ነው።

ለዚህ አንድ ግልጽ ምሳሌ አለ። በሞርጋን ዘመን ፎይል የሚባለው ከቆርቆሮ ማዕድን የሚሠራ ስስ ቅጠል ነበር፤ ስለዚህ ሽቦውን በስታኞ መበየድ ይቻል ነበር። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው ፎይልም ሆነ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚገኘው ብርማ ወረቀት አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያውኑ ጠንካራ የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚያበጅ ተራ ስታኞ አይዘውም። የጥንቱን ትእዛዝ ቃል በቃል የተከተለ ተማሪ ስታኞው እየተንከባለለ ሲወድቅ ያያል፤ ወይም ደግሞ፣ ይህ የባሰው ነው፣ የተያያዘ መስሎት ያልተያያዘ ካፓሲተር በሰም ያሽጋል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ የተላጠው ሽቦ በፎይሉ ጫፍ ላይ ተደርጎ ፎይሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠፍበትና በጠባብ መቆንጠጫ ወይም በቡሎን ይጠበቃል። የብርማው ወረቀት አንዱ ፊት ወረቀት መሆኑም መታወስ አለበት፤ ሽቦው በዚያ በኩል ከተነካካ ምንም አልተያያዘም።

ዋናው ጉድለት ግን የመጠን ነው። የሁለት ትይዩ ገበታዎች ካፓሲታንስ የሚገኘው 0.0885 በመካከላቸው ባለው ነገር ዳይኤሌክትሪክ ቁጥርና በገበታዎቹ ስፋት በስኩዌር ሴንቲሜትር ተባዝቶ፣ በመካከላቸው ላለው ርቀት በሴንቲሜትር ሲካፈል ነው፤ መልሱ በፒኮፋራድ ይወጣል። ከዚህ የሚከብድ ሒሳብ አያስፈልግም። ጎንና ጎናቸው 10 ሴንቲሜትር የሆነ ሁለት ፎይሎች በመካከላቸው 0.1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ወረቀት ቢኖርና የወረቀቱ ቁጥር 3 ቢሆን፣ ውጤቱ 2,650 ፒኮፋራድ ያህል ይሆናል። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በእጅ ሲሠራ ግን ፎይሉ ይጨማደዳል፤ ወረቀቱም ፍጹም አይተኛም። በመካከላቸው የወረቀቱን ያህል፣ ማለትም የአንድ ወፍራም ፀጉር ያህል፣ አየር ብቻ ቢቀር ካፓሲታንሱ ወደ 660 ፒኮፋራድ ይወርዳል። ከአራት እጅ ሦስቱን እጅ አየሩ ወሰደው ማለት ነው። አንድ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ዐይነት ወረቀትና በአንድ ዐይነት ፎይል ሠርተው አንዱ የሌላውን ሁለት እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ የሚያገኘው ስለዚህ ነው። መመሪያው ይህን ቢነግራቸው ልዩነቱ ራሱ ጥሩ የትምህርት ርእስ ይሆን ነበር፤ ስላልነገራቸው ግን አሳፋሪ ስሕተት መስሎ ይቀራል።

የሰሙም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። መመሪያዎች ሰም የሚነከረው እርጥበት እንዳይገባ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ቀልጦ የገባው ፓራፊን የአየሩን ቦታ ሲይዝ፣ ቁጥሩ ከ2 በላይ ስለሆነ፣ ከላይ የተጠቀሰውን 660 ወደ 1,100 ያህል ከፍ ያደርገዋል። በሱቅ የሚሸጠው ተራ ሻማ በአብዛኛው ፓራፊን ነው። ጧፍ ደግሞ ከንብ ሰም የሚሠራ ሲሆን ከቀፎ እንደ ወጣ ያልተጣራ ሰም ማርና ውሃ ስለማያጣው ሳይጣራ ሊገባ አይገባውም። ሰሙ በቀጥታ እሳት ላይ ሳይሆን በፈላ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ቢቀልጥ ከቃጠሎ አደጋ ያድናል፤ ይሁንና በዚህ ዘዴ ሙቀቱ ከውሃ መፍያ ስለማያልፍ ወረቀቱ ያዘለውን እርጥበት ሊያተንንለት አይችልም። ስለዚህ ወረቀቱ አስቀድሞ ለብ ባለ ምጣድ ላይ ሊደርቅ ይገባል። በክረምት ወራት ይህን ሳያደርጉ የተሠራ የወረቀት ካፓሲተር በሰም ውስጥ የታሸገ እርጥብ ወረቀት ነው። አገልግሎቱም እንደዚያው ነው።

የመጠቅለልንም ጉዳይ ብዙዎቹ በግድየለሽነት ያልፉታል። ሁለት ፎይሎች ተነባብረው ሲጠቀለሉ የእያንዳንዱ ፎይል የውጭ ፊት ከሌላኛው ጋር ስለሚገናኝ ሁለተኛ ወረቀት ካልተጨመረ ይነካካሉ። ከተጨመረ ደግሞ ፎይሉ በሁለቱም ፊቱ ስለሚሠራ ካፓሲታንሱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። አንድ ወረቀት ብቻ የሚያዝዝ መመሪያ፣ እንዲህ ያለውም አልፎ አልፎ ይገኛል፣ ተማሪውን የሚያስተምረው ካፓሲተር ሳይሆን ሁለት የተነካኩ ብረቶችን መሥራት ነው።

እስካሁን የተባለው የአሠራሩን ጉድለት የሚመለከት ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን የማረጋገጫው ጉድለት ነው። በብዙዎቹ መመሪያዎች ካፓሲተሩ የሚገባው በማዳመጫው ሁለት ጫፎች መካከል ነው። የዚህ ካፓሲተር ተግባር ፈጣኑን የሬዲዮ ሞገድ አሳልፎ የድምፁን ሞገድ ለማዳመጫው መተው ነው። 1,000 ፒኮፋራድ የሆነ ካፓሲተር ለ1,000 ኪሎኸርዝ ሞገድ የሚያሳየው ተቃውሞ 160 ኦም ያህል ሲሆን ለ1,000 ኸርዝ ድምፅ ግን 160,000 ኦም ያህል ነው። ባለ 2,000 ኦም ማግኔታዊ ማዳመጫ ላይ ከ500 እስከ 5,000 ፒኮፋራድ ድረስ ያለው ሁሉ ያለ ጉልህ ልዩነት ያገለግላል። እንዲያውም የማዳመጫው ገመድና ጥቅል የራሳቸው ካፓሲታንስ ስላላቸው፣ ካፓሲተሩ ጨርሶ ቢነሣ ብዙ ጊዜ ሬዲዮው እንደ ነበረ ይሰማል። እንግዲህ መመሪያው ሬዲዮው ስለ ተሰማ ካፓሲተሩ ሠርቷል ሲል ምንም አላረጋገጠም። ሽቦው ያልተያያዘ፣ ወረቀቱ የረጠበ ወይም ጭራሽ ባዶ የሰም ድብልብል ቢሆን ኖሮም ድምፁ በተሰማ ነበር። ሳይንስን ለማስተማር በተጻፈ ገጽ ላይ ከዚህ የሚበልጥ ጥፋት ማግኘት ያስቸግራል፤ ተማሪው ያልተፈተነውን እንደ ተፈተነ አድርጎ መቀበልን ይለምዳልና። አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ መጨመር ይበቃ ነበር፤ ካፓሲተሩ ይነሣ፣ ምን እንደ ተለወጠም ይደመጥ የሚል።

በእጅ የተሠራ ካፓሲተር በእውነት የሚፈተነው ጣቢያ በመምረጡ ሥራ ላይ ነው። በአፍሪካና በአውሮፓ የመካከለኛ ሞገድ ክልል ከ531 እስከ 1,602 ኪሎኸርዝ ይደርሳል። ከፍተኛው የዝቅተኛውን ሦስት እጥፍ ስለሆነ ካፓሲታንሱ በዘጠኝ እጥፍ መለዋወጥ አለበት። 200 ማይክሮሄንሪ ያለው ጥቅል ሽቦ ከ365 ፒኮፋራድ ጋር 589 ኪሎኸርዝ ላይ፣ ከ50 ፒኮፋራድ ጋር ደግሞ 1,590 ኪሎኸርዝ ገደማ ላይ ይገኛል። ከዚህ የሚታየው ችግሩ ትልቁን መጠን ማግኘት ሳይሆን ትንሹን ማግኘት መሆኑ ነው። ፎይል በማስፋት 365 መድረስ ለማንም አይሳነውም።

መመሪያዎቹ ግን አንቴናውን በቀጥታ ከጥቅል ሽቦው ራስ ላይ እንዲያያዝ ያደርጋሉ። ከመሬት አምስት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ በእያንዳንዱ ሜትር ከ5 ፒኮፋራድ በላይ ከምድር ጋር ካፓሲታንስ አለው፤ የ20 ሜትር አንቴና ስለዚህ ከ100 ፒኮፋራድ በላይ ይዞ ይመጣል። ይህ ከተለዋዋጩ ካፓሲተር ዝቅተኛ መጠን ጋር ሲደመር 160 ያህል ይሆናል፤ ሬዲዮውም ከ880 ኪሎኸርዝ ገደማ በላይ መውጣት ይሳነዋል። ከክልሉ የላይኛው አጋማሽና ከዚያም በላይ የሆነው ሁሉ ጠፋ ማለት ነው። ተማሪው ካፓሲተሩን ደጋግሞ ቢያሻሽልም የሚለወጥ ነገር አያገኝም፤ ጥፋቱ እርሱ ዘንድ አይደለምና። በአንቴናውና በጥቅል ሽቦው መካከል 50 ፒኮፋራድ የሚያህል ሌላ ካፓሲተር ቢገባ ችግሩ በአብዛኛው ይቃለላል፤ የዚያ መጠን ካፓሲተር ደግሞ በእጅ ለመሥራት እጅግ ቀላሉ ነው። በ1944 በጣሊያን በአንዚዮ ግንባር የነበሩ ወታደሮች ከምላጭና ከእርሳስ የሠሯቸው ሬዲዮኖች ለብቻው የተሠራ ካፓሲተር ሳይኖራቸው ጣቢያ ሊይዙ የቻሉት የአንቴናው ካፓሲታንስ ራሱ ስላገለገላቸው ነው። ይህን ታሪክ የሚተርኩ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። የታሪኩን ምክንያት የሚያስረዱት ግን ጥቂት ናቸው።

የተለዋዋጩን ካፓሲተር ቅርፅ በተመለከተ ሁለት ዐይነት ይቀርባል። አንደኛው እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ነው፤ ሁለተኛው አንዱ ገበታ በሌላው ላይ የሚንሸራተትበት ነው። የመጀመሪያው ለዐይን ደስ ይላል፤ ለሥራ ግን አይመችም። ካፓሲታንስ ከርቀት ጋር በተቃራኒ ስለሚሄድ፣ መጽሐፉ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው የፀጉር ያህል እንቅስቃሴ ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላ ያስፈነጥራል፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ ምንም አይሰማም። የሚንሸራተተው ግን መጠኑ ከተደራረበው ስፋት ጋር በእኩል ስለሚያድግ እጅን ያዳምጣል። ከላይ በተሰላው ግምት፣ አየሩም ተቆጥሮ፣ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር 6.6 ፒኮፋራድ ቢገኝ፣ 7 በ8 ሴንቲሜትር የሆነ መደራረብ 365 ፒኮፋራድ ይሰጣል። በወረቀት ምትክ ከፌስታል የተቆረጠ ፖሊኤቲሊን ቢገባ ይበልጥ ይመረጣል፤ እርጥበት አይጠጣም፣ የሚያባክነውም ኃይል አነስተኛ ነው። በጨው ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ግን፣ አንዳንዶች እንደሚመክሩት፣ 500 ፒኮፋራድ ያህል ሊያስገኝ ቢችልም፣ ጨው ውሃ ከብረት ጋር ሲነጻጸር ደካማ አስተላላፊ ስለሆነ የጣቢያ መለያውን ስለት ያደነዝዛል።

በዚህ ሁሉ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። የተዘጋጀ ካፓሲተር በርካሽ ይገዛ የለምን? ቋሚ መጠን ያላቸውን አነስተኛ ካፓሲተሮች በተመለከተ እውነት ነው፤ እነርሱን በእጅ መሥራት የሚጠቅመው ለትምህርት ብቻ ነው። በአየር የሚሠሩት ባለ ብዙ ገበታ ተለዋዋጭ ካፓሲተሮች ግን በአዳዲስ ሬዲዮኖች ውስጥ ቦታ ስለሌላቸው እንደ ድሮው በብዛት አይመረቱም፤ የሚገኙትም በአብዛኛው ከአሮጌ ሬዲዮ እየተነቀሉ ነው። ስለዚህ በእጅ መሥራቱ የሚያዋጣው መመሪያዎቹ በቸልታ በሚያልፉት በተለዋዋጩ ላይ ነው። ሒሳብ ሲበዛ የእጅ ሥራ ፍላጎት ይቀዘቅዛል የሚሉም አሉ። ነገር ግን ማባዛትና ማካፈል ብቻ የሚጠይቅ ቀመር ልጅን ያቀዘቅዛል ከማለት ይልቅ መመሪያ አዘጋጁን ሥራ ያበዛበታል ማለት ሳይሻል አይቀርም።

መለኪያ የለም የሚለውም ምክንያት አያዋጣም። የወረቀት ውፍረት በማስመሪያ ይለካል፤ መቶ ቅጠል ተደርቦ አንድ ሴንቲሜትር ቢሆን አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊሜትር ነው። ዊለር በ1928 ባወጣው ቀመር መሠረት 5 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ባለው ቱቦ ላይ የ0.5 ሚሊሜትር ሽቦ 68 ጊዜ በጥብቅ ቢጠመጠም 200 ማይክሮሄንሪ ያህል ይገኛል። በዚህ ጥቅል 1,000 ኪሎኸርዝ ላይ የሚያሠራጭ ጣቢያ ሲያዝ በሰርኪዩቱ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ካፓሲታንስ፣ የአንቴናው ድርሻ ጭምር፣ 127 ፒኮፋራድ ነው። ጣቢያው ራሱ መለኪያ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ግን በመካከለኛ ሞገድ የሚሠራ ጠንካራ ጣቢያ በአካባቢው መኖሩ አስቀድሞ በተራ ሬዲዮ ሊረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የጀርመን የሕዝብ ጣቢያዎች በ2015 መጨረሻ መካከለኛ ሞገድን እንደ ተዉት ሁሉ በልዩ ልዩ አገሮችም አድማጩ ወደ ኤፍ ኤም ዞሯል፤ ይህ ዐይነቱ የክሪስታል ሬዲዮም ኤፍ ኤምን አይዝም። አሮጌዎቹ መመሪያዎች ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ እነርሱን ዛሬ የሚገለብጥ ግን ማወቅ ይገባዋል።

ስለ አደጋም መነገር ያለበት አለ። ሞርጋን ጽፎ በነበረበት ዘመን የመስታወትና የፎይል ካፓሲተር ለብልጭታ ማሠራጫ ጭምር ያገለግል ነበር፤ በብዙ ሺህ ቮልት ይሞላ ስለነበር የሚያደርሰው ንዝረት ቀላል አልነበረም። ይህ ዐይነቱ ማሠራጫ ሌሎች ሥርጭቶችን ስለሚያውክ ከአገልግሎት ከታገደ ቆይቷል። ክፍሉ ከነሥዕሉ ወደ ትምህርት ቤት መመሪያ ሊሻገር አይገባም። በክሪስታል ሬዲዮ ውስጥ ያለው ቮልቴጅ ከአንድ ቮልት የሚያንስ ስለሆነ የወረቀቱ ካፓሲተር ለዚያ ይበቃል፤ ከግድግዳው መሰኪያ ጋር ግን በምንም ምክንያት መያያዝ የለበትም። ይህ ማስጠንቀቂያ በመግቢያ ገጽ ላይ በጥቅሉ ከሚጻፍ ይልቅ ሽቦዎቹ በሚያያዙበት አንቀጽ ውስጥ፣ ከሥዕሉ አጠገብ ሊቀመጥ ይገባዋል፤ ተማሪ ሥራ ላይ ሳለ መግቢያን ገልጦ አያነብምና።